ሕዝቡ ሳይጓዝ የቆየባቸው ሰባት ቀናት

(ኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 12)



የእስራኤል ሕዝብ ከግብፅ ባርነት ወጥቶ በምድረ በዳ ሲጓዝ ብዙ ፈተና ደርሶበታል። ረኃብና ጥማት፣ የጠላት ጦርና የገዛ ማጉረምረሙ መንገዱን አስረዝመውበታል። በኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 12 የተጻፈው ፈተና ግን ከእነዚህ የተለየ ነው፤ ከነቢዩ ሙሴ ቤት፣ ከገዛ እኅቱና ከገዛ ወንድሙ አንደበት የወጣ ነበርና። ማርያምና አሮን ሙሴ ባገባት ሴት ምክንያት በእርሱ ላይ ክፉ ተናገሩ። ሴቲቱ ምን በድላ ነው ብለን መጽሐፉን ብንመረምር አንድም ጥፋት አናገኝባትም። የተጻፈው ትውልዷ ብቻ ነው። የዕብራይስጡ መጽሐፍ የኩሽ ሰው ይላታል፤ የግሪኩ ትርጉምና የእኛ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ኢትዮጵያዊት ይሏታል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ የሴቲቱ ስም አልተጻፈም፤ አንድ ቃልም አልተናገረችም። ስለ እርሷ ይነገራል እንጂ እርሷን ያነጋገራት የለም። ሁለተኛ፣ በድንኳን ውስጥ የተነገረውን ክፉ ቃል እግዚአብሔር ሰማ፤ ሰምቶም ዝም አላለም። ተግሣጹ በሙሴ ላይ ስለ ተነሡበት ድፍረት ነበር፤ የድፍረቱ መነሻ ግን የሴቲቱ ትውልድ ነበረ። ማርያም በለምጽ ተመታች፤ ቆዳዋም ነጣ። የሌላይቱን ሴት ትውልድ ለክስ ምክንያት ያደረገችው በገዛ ቆዳዋ ተገሠጸች። ሦስተኛ፣ ማርያም ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ስትቆይ ሕዝቡ ሁሉ ጉዞውን አቋርጦ ጠበቀ። ንቀቱ የሁለት ሰዎች ነበር፤ የቆመው ግን የመላው ሕዝብ ጉዞ ነው።

ዛሬ ይህን ምዕራፍ የምናነበው በሳይንስና በቴክኖሎጂ ሥራ ላይ ተሰማርተው ሳለ በሴትነታቸውና በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ስለ ተናቁ ሴቶች ለማሰብ ነው። ይህ ጉዳይ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱን ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. ሰጥቶናል (በዚህ ጽሑፍ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጉባኤው ስለ ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ባወጣው ሰነድ በቁጥር 29 ላይ፣ በጾታም ሆነ በዘር፣ በቀለምም ሆነ በቋንቋ ሰውን ከሰው የሚያበላልጥ አድልዎ ሁሉ ከእግዚአብሔር ዕቅድ ጋር የሚቃረን ስለሆነ ሊወገድ እንደሚገባ አስተምሯል። ስለዚህ ጉዳዩ የኃጢአትና የንስሓ ጉዳይ ነው።

ጥበብ የማን ስጦታ ናት?

እግዚአብሔር የመገናኛውን ድንኳን ለማሠራት በፈለገ ጊዜ ባስልኤል የተባለውን ሰው በስሙ ጠርቶ፣ በወርቅና በብር፣ በድንጋይና በእንጨት የሚሠራበትን ጥበብ በመንፈሱ ሞላበት (ዘጸ. 31)። ጥቂት ምዕራፎች አልፈን ስናነብ ደግሞ ልባቸው በጥበብ የተነሣሣ ሴቶች ለዚያው ድንኳን የሚሆነውን ክር በእጃቸው ፈትለው እንዳመጡ እናገኛለን (ዘጸ. 35)። ድንኳኑ በወንዶችና በሴቶች ጥበብ ቆመ። የማንንም ሥራ ቢያወጡለት ድንኳኑ ጎዶሎ ይሆን ነበር።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። የሒሳብ ሊቅነት፣ የመሐንዲስነት ሙያ፣ የኮምፒዩተርን አሠራር የመረዳት ችሎታ ሁሉ ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ስጦታ ነው። ሰጪው የተቀባዪቱን ጾታና መልክ ዐውቆ የሰጠውን እኛ በጾታዋና በመልኳ ምክንያት አንቀበልም ብንል፣ ክርክራችን ከእርሷ ጋር ሳይሆን ከሰጪው ጋር ነው።

የላንግሊ ሴቶች

በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት፣ በሃምፕተን ከተማ፣ ላንግሊ የተባለ የበረራ ምርምር ማዕከል አለ። «ኮምፒዩተር» የሚለው ቃል የመሣሪያ ስም ከመሆኑ በፊት በዚያ የሰው ሥራ ስም ነበረ፤ መሐንዲሶች የሚሰጧቸውን ረጃጅም ስሌት በእጃቸው የሚሠሩ ሴቶች ይጠሩበት ነበር። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1941 ዓ.ም. በመከላከያ ኢንዱስትሪ ውስጥ የዘር አድልዎ እንዳይደረግ የሚያዝ ትእዛዝ ከፈረሙ በኋላ፣ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቁር ሴቶችም ለዚህ ሥራ ተቀጠሩ። የተማሩ ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከመምህርነት የመጡ ናቸው። ይሁን እንጂ በማዕከሉ ምዕራባዊ ክፍል ለብቻቸው እንዲቀመጡ ተደረገ። መጸዳጃቸው የተለየ ነበር። በመመገቢያው አዳራሽም የሚቀመጡበት ጠረጴዛ የጥቁሮች መሆኑን የሚያስታውቅ ጽሑፍ ተቀምጦበት ነበር። ከእነርሱ መካከል ሚርያም ማን የተባሉት ሴት ያንን ጽሑፍ እያነሡ በቦርሳቸው ይዘው ይሄዱ ነበር። ሌላ ይተካል፤ እርሳቸውም ደግመው ያነሡታል፤ በመጨረሻም የሚተካ ጠፋ። ስማቸው የኦሪቷ ማርያም ስም ነው፤ ሥራቸው ግን የዚያን ቀን የማርያምን ሥራ የሚሽር ነበረ።

ወይዘሮ ዶሮቲ ቮን በ1949 ዓ.ም. የዚያን ክፍል ኃላፊነት ተረከቡ፤ በተቋሙ ውስጥ እንዲህ ያለ ኃላፊነት ሲይዙ የመጀመሪያዪቱ ጥቁር ነበሩ። የኮምፒዩተር መሣሪያ ሲመጣም በእጅ የሚሠራው ስሌት እንደሚቀር አስቀድመው ተረድተው፣ ፎርትራን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተምረው ለባልንጀሮቻቸው አስተማሩ። ወይዘሮ ሜሪ ጃክሰን ደግሞ መሐንዲስ ለመሆን የሚያስፈልጋቸው ትምህርት የሚሰጠው ለነጮች ብቻ በተከለለ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበረና፣ በዚያ ገብተው ለመማር ከከተማው ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ሆነባቸው። ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው፤ ተማሩ። ተቋሙ ናሳ ተብሎ በተቋቋመበትና የተለዩት ክፍሎች በተሰረዙበት በ1958 ዓ.ም. የናሳ የመጀመሪያዪቱ ጥቁር ሴት መሐንዲስ ሆኑ። ከብዙ ዓመት በኋላም፣ በ1979 ዓ.ም.፣ ከደረሱበት የመሐንዲስነት ማዕርግ ዝቅ ብለው የሌሎች ሴቶችን ቅጥርና ዕድገት የሚመለከት ሥራ ለመያዝ ፈቀዱ። በሩ ለእርሳቸው ከተከፈተ በኋላ ደጃፉ ላይ ቆመው ለሌሎች ከፋች ሆኑ ማለት ነው።

ወይዘሮ ካትሪን ጆንሰን በ1953 ዓ.ም. ወደ ላንግሊ መጡ። ስለሚሠሩበት ጉዳይ በሚመከርበት ስብሰባ ለመገኘት ሲጠይቁ ሴቶች አይገቡም ተባሉ። የሚከለክል ሕግ አለ ወይ ብለው መልሰው ጠየቁ። ሕግ አልነበረም፤ የነበረው ልማድ ብቻ ነው። ስለዚህ ገቡ። በ1960 ዓ.ም. የተሳተፉበት የምርምር ዘገባ በስማቸው ጭምር ሲወጣ፣ በክፍላቸው የሴት ስም በደራሲነት ሲጻፍ የመጀመሪያው ነበረ።

በአገራችን «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ሲባል እንሰማለን። በፌብሩዋሪ 1962 ዓ.ም. በላንግሊ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ጆን ግሌን በመንኮራኩር ምድርን ሊዞር በተዘጋጀ ጊዜ መሣሪያው ያወጣውን ስሌት አላመነም፤ ካትሪን ጆንሰን በእጃቸው አስልተው ትክክል ነው ካሉ ብቻ እንደሚሄድ ተናገረ። አሰሉ፤ ትክክል ነው አሉ፤ እርሱም ምድርን ሦስት ጊዜ ዞሮ በደኅና ተመለሰ። ወንዶች ያቀዱት፣ መሣሪያ ያሰላው ነገር በሴት አለቀ። በዚያው ጊዜ ግን የሚታዘን ነገርም ነበረ። ሕይወቱን በእጃቸው ያኖረው ሰው ስሌቱን እንዲያዩለት ሲጠይቅ የጠራቸው «ልጅቷ» ብሎ ነው። ካትሪን ጆንሰን በዚያን ጊዜ የ43 ዓመት ሴት፣ የሦስት ልጆች እናት ነበሩ። ንቀት ዘወትር በጥላቻ አይገለጥም፤ በምናምነውና በምንመካበት ሰው ላይ እንኳ ሳናስተውል ከአፋችን ይወጣል።

ዓለም እነዚህን ሴቶች ያወቃቸው ዘግይቶ ነው። ካትሪን ጆንሰን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚሰጡትን የነጻነት ሜዳይ በ2015 ዓ.ም. ሲቀበሉ 97 ዓመታቸው ነበር። የናሳ ዋና መሥሪያ ቤት በሜሪ ጃክሰን ስም እንዲጠራ በ2020 ዓ.ም. ሲታወጅ እርሳቸው ካረፉ 15 ዓመት አልፏል። ስማቸውን የምናውቀው ጥቂቶች እነዚህ ናቸው። እንደ እነርሱ ያለ አእምሮ ተሰጥቷቸው በሩ ላይ የተመለሱትን ግን ማን ይቆጥራቸዋል? ሰፈሩ ስንት ሰባት ቀን ቆሞ ይሆን?

መሣሪያው ያላየው ፊት

ይህ ያለፈ ዘመን ታሪክ ነው የሚል ካለ ወደ ቅርቡ እንምጣ። የጋና ተወላጆች ልጅ የሆኑት ጆይ ቡዎላምዊኒ ኤም.አይ.ቲ. በተባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ሲያጠኑ፣ የሰውን ፊት የሚለይ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የእርሳቸውን ፊት ማግኘት ተሳነው። ነጭ ጭምብል ባጠለቁ ጊዜ ግን ወዲያው አገኘ። ነገሩን ለመመርመር ከዶክተር ትምኒት ገብሩ ጋር ተባበሩ። ዶክተር ትምኒት ከኤርትራውያን ወላጆች በአዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ፣ በሁለቱ አገሮች ጦርነት ምክንያት በወጣትነታቸው ተሰድደው አሜሪካ የገቡ ናቸው። በዚያም ትምህርታቸው የላቀ ሆኖ ሳለ ከፍ ወዳሉት የትምህርት ክፍሎች እንዳይገቡ የከለከሏቸው መምህራን እንደ ነበሩ ራሳቸው ተናግረዋል። ይህ አላስቆማቸውም፤ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀብለዋል።

ሁለቱ ሴቶች በ2018 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት የ1,270 የምክር ቤት አባላትን ፎቶግራፍ፣ ከሩዋንዳ፣ ከሴኔጋልና ከደቡብ አፍሪካ፣ እንዲሁም ከአይስላንድ፣ ከፊንላንድና ከስዊድን ሰብስበው፣ ሦስት ኩባንያዎች ለገበያ ያቀረቧቸውን ፕሮግራሞች ፈተኑ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ይህ ፊት የወንድ ነው ወይስ የሴት? በቆዳቸው ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ የተገኘው ስሕተት ከፍ ቢል ከመቶ 0.8 ነው። በቆዳቸው ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 ከመቶ ደረሰ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። እንዲህ ያለ ፕሮግራም የሚማረው ከሚሰጡት ፎቶግራፎች ነው፤ ለመማሪያና ለመፈተኛ ሲቀርቡ የነበሩት ፎቶግራፎች ደግሞ በብዛት የነጮችና የወንዶች ነበሩ። መሣሪያ ልብ ስለሌለው በራሱ አይንቅም፤ የሠሪዎቹን ቸልተኝነት ግን እንደ ታማኝ ደቀ መዝሙር ይማራል። ጉዳቱም በጥናት ወረቀት ላይ አልቀረም፤ ከ2020 ዓ.ም. ወዲህ በዲትሮይት ከተማ ፊትን የሚለይ መሣሪያ በስሕተት ስላመለከታቸው በማያውቁት ወንጀል የታሰሩ ጥቁር ሰዎች አሉ።

ይህን ጉድለት ያዩት ሁለት ጥቁር ሴቶች መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም። የቆሙበት ቦታ ሌሎች ያላዩትን አሳያቸው። በሠሪዎቹ ማዕድ ዙሪያ እንደ እነርሱ ያሉ ቀድሞ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ ከገበያ በፊት ይታይ ነበር። ዶክተር ትምኒትም በታላላቅ የሙያ ጉባኤዎች ላይ የጥቁር ተመራማሪዎች ቁጥር በጣት የሚቆጠር መሆኑን አይተው፣ በ2017 ዓ.ም. ከኢትዮጵያዊቷ የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ ከዶክተር ረድኤት አበበ ጋር ሆነው በዚህ ሙያ ያሉ ጥቁሮች የሚደጋገፉበትን ማኅበር መሠረቱ። በዲሴምበር 2020 ዓ.ም. ግን፣ ቋንቋን የሚያቀናብሩ ታላላቅ ፕሮግራሞች ስለሚያስከትሉት አደጋ ከሌሎች ጋር በጻፉት ጥናት ላይ በተነሣ አለመግባባት ከጉግል ኩባንያ ተለዩ። እርሳቸው ተባረርሁ ይላሉ፤ ኩባንያው ስንብታቸውን ተቀበልሁ አለ። ከአንድ ዓመት በኋላ የራሳቸውን የምርምር ተቋም አቋቋሙ።

እኛ በዚህ ክርክር ዳኞች አይደለንም። አንድ ነገር ግን ከወንጌል እናስታውስ። በትንሣኤ ማለዳ ሴቶቹ ከመቃብሩ ተመልሰው ያዩትን በነገሩ ጊዜ ወሬያቸው ለሐዋርያት እንደ ቅዠት ሆኖ ታያቸው (ሉቃ. 24)። ዓለም ከሰማው ዜና ሁሉ የሚበልጠው እውነት በመጀመሪያ የሴት ወሬ ተብሎ ተጣለ። ጴጥሮስ ግን ተነሥቶ ወደ መቃብሩ ሮጠ። አንዲት ሴት «በደል አለ፤ አይቻለሁ» ስትል ከእኛ የሚጠበቀው ቢያንስ የጴጥሮስን ያህል ነው፤ ተነሥቶ ሄዶ ማየት።

ማርያም ማን ነበረች?

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህን ሁሉ ስንሰማ ልባችን ወደ ኢትዮጵያዊቱ ሴት ያዘነብላል፤ እግዚአብሔር ስለ እርሷ በመቆሙም ደስ ይለናል። ነገር ግን ፈጥነን ራሳችንን ከተበዳዪቱ ጋር ከማሰለፋችን በፊት በዳይዋ ማን እንደ ነበረች እንጠይቅ። ማርያም የባሪያ ልጅ ነበረች። ሕፃኑን ወንድሟን ከፈርዖን ትእዛዝ ለማዳን በወንዙ ዳር የጠበቀች፣ ባሕሩን በተሻገሩ ጊዜ ሴቶቹን እየመራች የዘመረች ነቢይት ናት። በትውልድ መናቅ ምን እንደሆነ ከማንም ይልቅ ታውቅ ነበር። ይህን የቀመሰች ሴት በሌላይቱ ሴት ትውልድ ተነሣች። እንግዲህ የተበደለ ሁሉ ከመበደል ነጻ ነው ማለት አይቻልም።

እኛስ? በቴክኖሎጂ ረገድ የአገራችን የጥንት ባለሙያዎች ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ነበሩ። ማረሻችንን ያበጀልንን «ቡዳ» ብለን ሸሸነው፤ በሠራችው ድስት ወጣችንን እየሠራን ሸክላ ሠሪዋን ከማዕዳችን አራቅናት፤ ልጆቻቸውን ለልጆቻችን አናጋባም አልን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የእጅ ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ ማወጅ ያስፈለጋቸው በሽታው ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ስላዩ ነው። በሙያዋ፣ በሴትነቷና በትውልዷ ሦስት ጊዜ የተናቀችው ሸክላ ሠሪ የእኛ ሰፈር ኩሻዊት ናት። ስለ አሜሪካ ኩባንያዎች በደል ስንናገር ስለ እርሷም ካልተናገርን ቃላችን ግብዝነት ይሆናል።

አሮን የማርያምን ለምጽ ባየ ጊዜ ኃጢአቱን በእርሷ ላይ ብቻ አልጣለም፤ እኔም አብሬ በድያለሁ ሲል መሰከረ። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1995 ዓ.ም. ለዓለም ሴቶች በጻፉት መልእክት የሚሠሩትን ሴቶች ካመሰገኑ በኋላ፣ የሴቶችን ክብር ዝቅ በማድረግ ረገድ ከቤተ ክርስቲያን ልጆች በደለኞች በመኖራቸው እንደሚያዝኑ ገልጸዋል። የአሮንን መንገድ የተከተለ ትሕትና ነው።

መታገሥ ማለት ዝም ማለት ነውን?

ኢትዮጵያዊቱ ሴት ዝም ብላለችና እናንተም ዝም በሉ ብሎ ለተበደሉ ሴቶች መምከር መጽሐፉን ማጣመም ነው። በዚያው በዘኁልቍ መጽሐፍ ምዕራፍ 27 ላይ አምስቱ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች እናገኛለን። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይወልድ ስለ ሞተ ርስት አይገባችሁም በተባሉ ጊዜ በሙሴ፣ በካህኑና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው አቤት አሉ። ሙሴ ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፤ እግዚአብሔርም እውነት ያላቸው እነርሱ መሆናቸውን መሰከረ፤ ሕጉም ተሻሻለ። ሕግ አለ ወይ ብለው የጠየቁት ካትሪን ጆንሰን፣ ከከተማው ፈቃድ የጠየቁት ሜሪ ጃክሰን የእነዚህ ሴቶች እኅቶች ናቸው። በትሕትና የሚቀርብ አቤቱታ ከትዕግሥት ጋር አይጣላም።

ምን እናድርግ?

ወላጆች ሆይ፤ ወንዱ ልጅ ሲያጠና ሴቷ ውኃ ትቅዳ፣ እንጀራ ትጋግር የሚለውን የቤት ሕግ መርምሩ። ሒሳብ የምትወድ ልጅ በቤታችሁ ካለች ስጦታዋን የሰጣት ማን እንደሆነ አስቡ።

በመሥሪያ ቤት ኃላፊነት ያላችሁ፤ ሴት ሠራተኛ የሠራችውን ሥራ በስሟ ጥሩት። በስብሰባ የተናገረችውን ሐሳብ ወንድ ሲደግመው ብቻ የምንሰማ ከሆነ ጆሮአችን ለምጽ አለበት። አቤቱታ ስታቀርብ ጠባይዋን ከመመርመራችሁ በፊት ነገሩን መርምሩ።

በኮምፒዩተር ሙያ ያላችሁ ወጣቶች፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ለ2024 ዓ.ም. የሰላም ቀን ባስተላለፉት መልእክት ሰው ሠራሽ አስተውሎት አድልዎን እንዳያባብስ አስጠንቅቀዋል። የምትሠሩት ነገር ማንን እንደማያይ ሁልጊዜ ጠይቁ።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፤ በየቁምስናችሁ ዘኁልቍ 12ን ከልጆች ጋር ስታነቡ እነዚህን ጥያቄዎች አንሡ። በክፍላችን ስሟ የማይጠራው፣ ስለ እርሷ ብቻ የሚነገርባት ማን ናት? በሰፈራችን በሙያው የሚናቅ ማን ነው? በእርሱ መናቅ ምክንያት የቆመብን ጉዞ የትኛው ነው?

የታሪኩ ፍጻሜ ተስፋ ነው። ሙሴ ስለ በደለችው እኅቱ ጸለየ፤ ማርያም ተፈወሰች፤ ወደ ሰፈርም ተመለሰች። እግዚአብሔር በዳይዋን ሊያጠፋት አልወደደም፤ ያለ ተግሣጽም አልተዋትም። ሕዝቡም ጉዞውን የቀጠለው እርሷ ከተመለሰች በኋላ ነው። ወደ ተስፋይቱ ምድር የሚወስደው መንገድ የናቁትም የተናቁትም ታርቀው አብረው የሚሄዱበት ነው።

ወንድና ሴት አድርጎ በመልኩ የፈጠረን እግዚአብሔር፣ የሰጠንን ጥበብ በወንድሞቻችንና በእኅቶቻችን ዘንድ የምናይበትን ዓይን ይስጠን። የተናቁትን ያጽናና፤ የናቅነውን ወደ ንስሓ ይመልሰን፤ የቆመውንም ጉዞአችንን ያንቀሳቅስልን። አሜን።